ሃያ ስምንት ነጥብ ሦስት

ሠላሳ አንድ ዓመት ሚዛን ፊት ቆሜ፣
በማንም አልፈረድሁ በአፌም በቀለሜ፤
ሥራዬ ቀላል ነው፤ ፖሊስ ያመጣውን
ከረጢት ከፍቼ ማስፈር ነው ክብደቱን።
ትንፋሼ እንዳይነካው በመስታወት አቅፌ፣
ቁጥሩ እስኪረጋ እጄን አጣጥፌ፣
እጽፋለሁ። ፊርማ። ቀን። ማኅተም።
ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ ጉዳይ አይደለም።

ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ካለው መንደር፣
ዶፍ ሲወርድ አድሮ፣ ማክሰኞ ነበር፣
ክሌቮን ፎንትኖ፣ ዕድሜው ሃያ አንድ፣
በእግሩ ሲሄድ ያዙት በሸንኮራው መንገድ።
በጃኬቱ ኪስ ውስጥ ኪኒን ተገኘበት፣
እርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለበት፤
ከመርዙ ይልቅስ ኖራው ነው የሚበዛው፣
ሕግ ግን እንክርዳዱን ከስንዴው ደምሮ ነው የሚመዝነው።

ሃያ ስምንት ግራም የሕጉ ድንበር ነው፤
ከሱ በታች ቢሆን ዳኛው ነው የሚያየው፣
ከሱ በላይ ቢሆን ዳኛው አያየውም፤
አሥራ አምስት ዓመት! ሽራፊ አይቀነስም።
«እንደ መጣ መዝን» ይላል መመሪያው፤
«አድርቀህ» አይልም። መዘንሁት እንዳዘዘው።

ሃያ ስምንት ነጥብ ሦስት።

ነጥብ ሦስት ምንድን ነው? የድንቢጥ ላባ ነው፣
የቅንድብ ላይ ላብ ነው፣
ጃኬቱ የጠጣው የማክሰኞ ዝናብ ነው።

ዳኛ ትሬሃን፣ ያ ሽማግሌ ዳኛ፣
መነጽሩን አውልቆ ቆየ እንደ እስረኛ፤
«ልጄ» አለው፣ «ለእኔ ቢተውልኝ ኖሮ…»
ዐረፍተ ነገሩ በዚያው ቀረ ታስሮ።
ከዚያም ቁጥሩን አነበበ። የኔን ቁጥር።

ጡረታ ወጣሁኝ። ዘንድሮ በሚያዝያ
ምክር ቤት ጠሩን ለሕግ ማሻሻያ፤
ልጇን ኪኒን የነጠቃት አንዲት እናት ቀድማኝ
ፎቶ ይዛ ስታለቅስ ቃሌ ጠፋኝ፤
አልፈርድባትም፤ ሐዘን ግራም የለው።
እኔ ግን ተነሥቼ ያልሁት ይኸን ነው፦
«ያን ቀን የፈረደው ልብ የለሽ ሚዛኔ ነው፤
ሚዛን ደግሞ ያያል? ሚዛን ይጠይቃል?
ልጁን ማን እንደ ላከው፣ ለምን እንደ ሄደ፣ ያውቃል?
ለዳኛው ዳኝነቱን መልሱለት በቃ፣
እኔንም ከወንበሩ አውርዱኝ።»
                    ቀዩ መብራት በራ። ሦስት ደቂቃ።

ሕጉም ተሻሻለ በአራት ድምፅ ብልጫ፤
ጭብጨባው ቀለጠ ከላይኛው መቀመጫ።
ከመጪው ነሐሴ ጀምሮ ይጸናል፤
ዳኛም አይቶ ይፈርዳል።
ግን ከግርጌው፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም» ይላል።

ኦዴሊያ ፎንትኖ በሩ ሥር ጠበቀችኝ፤
አልረገመችኝም፣ አላመሰገነችኝ።
ልጇ ስድስት ዓመት ጨርሷል፤ ዘጠኝ ይቀረዋል፤
ከጃንጥላዋ ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል።
«አንድ ነገር» አለች፣ «የጻፉት ቁጥር ላይ፣
ያን ቀን… ደርቆ ነበር ወይ?»

እጄን ዘረጋሁ ከጣሪያው ጠርዝ ውጪ።
አንዲት ጠብታ አረፈች መዳፌ ላይ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደ እጅ ነው፤
ሳልፈልግ መዘንኋት።