የቁርጥ ቀን፣ ሙሀረቅ

ስልክ ደውዬ ለእናቴ «ቁርጠት ነው ያመመኝ» አልኳት፤
ቁርጠትነቱስ እውነት ነው፣ ቢላውን ብቻ ደበቅኳት።
«ፌጦ በጥብጥና ጠጣ፣ ጤና አዳምም ጣል አርግበት፣
ብርድ ይሆናል የመታህ፣ ሆድህን ጨርቅ እሰርበት።»
ብርድ! በዚህ በሐምሌ፣ መሪው መዳፍ በሚልጥበት፣
በምነዳው ቦቴ ሆድ ውስጥ ውሃው በሚፈላበት!

ሕመሜ ስም አለው፤ ስሙ ግን አይጠራም፣
በእናት ፊት፣ በማዕድ ፊት፣ በወንዶች መሃልም አይወራም።
«ሆድ ይፍጀው» ብዬ ዝም አልኩ፤ ሆድ ግን መልሶ ፈጀኝ፣
«ኪንታሮት ነኝ» እያለ ስምንት ወር ደሜ ዋሸኝ።

ሀያ ስምንት ቀን ከጨረር ማሽን ሥር በደረቴ ተኛሁ፣
ለማላውቃቸው ሰዎች ሀፍረቴን እንደ መንጃ ፈቃድ እያሳየሁ።
ጠዋት ኪኒን፣ ማታ ኪኒን፤ መዳፌ ተላጠ፣ እግሬ ነደደ፣
ቦቴዬን ሌላ ሰው ነዳው፣ ደሞዜም ተከትሎት ሄደ።
ከዚያ ጠብቅ አሉኝ።
አሥር ሳምንት። ጨረሩ ይጨርስ፣ ሥጋህ ይብረድ አሉኝ።

በአሥረኛው ዶክተር ሙኒራ ፎቶውን አገላብጣ አየች፤
«ቀልጧል። የቀረው ጠባሳ ይሁን እሱ፣ ከፎቶ አይለይም» አለች።
«ቁርጡን ትንገረኝ» አልኩ።
ዘሀራ፣ የአገሬ ልጅ፣ የዚያ ክፍል ጽዳት ሠራተኛ፣
የሕመሜን ስም በአማርኛ ጮክ ብላ ስትጠራው
ጣሪያው ያልፈረሰላት፣
ለ«ቁርጡ» ዐረብኛ አጣች።
ፈለገች፣ ፈለገች፣ መጨረሻ ላይ መዳፏን እንደ ቢላ አሳየች።
ሐኪሟም ራሷን ነቀነቀች፤ «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት።»

ማታውን ሲስተር ሺጂ ሆዴ ላይ በእስክሪብቶ ክብ ሣለች፣
«ሽርጥህን የት ላይ ነው የምትታጠቀው? በሩ እንዳይታነቅ» አለች።
«ውዱዬስ?» አልኩ።
«ለታመመ ዲኑ ገር ነው» አለች ዘሀራ፣ መወልወያዋን ተደግፋ።

ጠዋት ሙኒራ ከራስጌዬ ቆማ፦
«አያቴ እዚሁ ሙሀረቅ ሉል ጠላቂ ነበሩ።
ገመዱን ከላይ የያዘ ሰው ካለ
ጥልቁ አያስፈራም ይሉ ነበር።»
ጭንብሉ አፍንጫዬን ያዘ።
ወረድኩ።

ስነቃ በቀኝ ጎኔ ሞቃት ከረጢት፤ ሆዴ ደጅ ወጥቶ ተቀምጧል።
ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የኔን ቢላ አውጥቶታል።

በሦስተኛው ሳምንት ውጤቱ መጣ፦ ከቆረጡት ሥጋ ውስጥ
የእሱ ዘር አልተገኘም። ጠባሳ ብቻ።
«ሞቶ ከነበር ለምን ተቆረጥኩ?» አልኩ፤
ዘሀራ ይቺን ሳትደናቀፍ ተረጎመች።
«ዛጎል ሳይከፈት ማን ያውቃል?» አለች ሙኒራ፤
«አያቴ ግን ባዶ ሲሆንባቸው ያለቅሱ ነበር።»
ባዶውን ዛጎል ከበን ሦስታችን ሳቅን፣
እኔ ስፌቴን በሁለት እጄ ይዤ።

ማምሻውን እናቴ ደወለች፤
«ፌጦው ሠራልህ?»
አፌን ሳልከፍት
ሆዴ ራሱ፣ ከከረጢቱ፣ መለሰላት።