የታቪ ችካሎች

ሐይቁ በረዶ ሆኗል፣ መኪና ያልፍበታል፤
በካይኑ ጫፍ፣ በተዘጋው ትምህርት ቤት፣ ምድጃው ይነዳል፤
ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ የድሮ ድምር
ሳይጠፋ ቀርቷል፣ መልሱን ያጣ ቁጥር።

ሦስት አዛውንቶች ወንበር ገጥመው ተቀመጡ፤
ቫልስና ፖልካ ነው ሊያስቀርጹ የመጡ።
ታቪ አኮርዲዮኑን ጭኑ ላይ አሳረፈ፤
ኦኒ ወፍራም ቤዙን እንደ ሰካራም ወዳጅ ደገፈ፤
ሌምፒ ቫዮሊኗን አገጯ ሥር ሸጉጣ
ጣቶቿን አሸች፣ ሙቀት እስኪመጣ።

እኔ ኢርያ ነኝ፤ መቅረጫዋ የእኔ ናት፤
ክብደቷ አንድ ዳቦ፣ ስምንት ትራክ አላት።
ታቪን ከአንደኛው፣ ሌምፒን ከሁለተኛው፣
ኦኒን ከሦስተኛው አሰርኩ፤ አራተኛው
ለክፍሉ ለራሱ ነው፦ ለወለሉ፣ ለሳሉ፣
ለምድጃው ፍም፣ ለሚንሾካሾከው ሁሉ።

ከመቅረጫው ቁልፍ በስተግራ አንዲት አለች፣
ላስቲኳ የተላጠ፣ ጥፍር የምታህል፣ ዝም ያለች፤
እሷን ስጫን ጊዜው ላይ ችካል ይተከላል፤
ድምፁ አይነካም፤ ቦታው ብቻ ይታወቃል።
ማታ ስመለስ ዘልዬ የማርፍበት፣
«እዚህ ጋ ነገር አለ» የሚል ምልክት።

ቀይ መብራት በራ።
በመጀመሪያው ቫልስ፣ ከመዞሪያው ጋራ፣
ታቪ ዘገየ። ተጫንኩ። አንድ።
ታቪ ደግሞ ዘገየ። ሁለት።
በፖልካው መሀል ወናፉ ያዘው፤
ተጫንኩ፤ ዘጠኝ ወይ አሥር፣ መቁጠር ተውኩት።
እስከ ምሳ ሠላሳ አራት ደረሱ።
አንዱም የሌምፒ፣ አንዱም የኦኒ አይደል፤ ሁሉም የእሱ።

ታቪ በትከሻዬ በኩል ስክሪኑን አየ፤
በጥቃቅን ባንዲራ ተሞልቶ ታየ።
«እነዚህ የማን ናቸው?»
«ያንተ።»
«ብዙ መሬት አለኝ በይኛ!»
ሳቀና ወደ ሾርባው ዞረ፤
ሌላ ቃል ሳይጨምር፣ እንዲሁ እንደ ነበረ።

ማታ በእንግዳ ማረፊያው፣ ጆሮ ማዳመጫ አጥልቄ፣
ለችካሎቹ ስም ልሰጥ ጀመርኩ፤
በትንሿ መዘውር፣ ፊደል በፊደል፣
«ታቪ ዘገየ»፣ «ታቪ ዘገየ» እያልኩ።
አምስተኛው ላይ አውራ ጣቴ ደከመ።
አንደኛውን ትራክ ዘጋሁ፣
ሁለተኛውን ብቻውን ለቀቅኩ፦
የሌምፒ ቀለበት ጣት ኖታውን ፈልጎ አጣ፣
ግማሽ ምት ዘግይቶ፣ እያነከሰ መጣ።
ችካል ሁለት፦ እንደዚያው። ችካል ዘጠኝ፦ እንደዚያው።
ክሩ ላይ ይንፏቀቃል ያበጠው አንጓው።

ታዲያ ታቪ?
አራተኛውን ከፈትኩ።
ከወለሉ ጣውላ የጫማው ተረከዝ ይሰማል፤
እንደ ሰዓት ነው፤ አንዴ አይዘገይ፣ አንዴ አይቸኩል።
እግሩ ጊዜውን ያውቃል።
እጁ ነው በሩን ከፍቶ የያዘላት፣
በበረዶው ላይ ቀስ ብላ እስክትደርስ፣
«ፍጠኚ» ሳይላት።

ችካል በአንዴ አይነቀልም፤ በየተራ ነው።
አንደኛውን ስነቅል ሁለተኛው አንደኛ ይሆናል፤
እንደ ወረፋ ሰው አንድ እርምጃ ይጠጋል።
«ይሰረዝ?» ትላለች። አዎ። «ይሰረዝ?» አዎ።
ሠላሳ አራት ጊዜ አንደኛውን ነቀልኩ።
ችካል ቢነቀል መሬት አይጎድልም፤
ቫልሱ እንዳለ አለ፤ መዘግየቱም።

ጠዋት ሌምፒ ካፖርቷን ሳታወልቅ መጣችና
«የእኔን ስህተት ስንት ቦታ ቸከልሽው?» አለችኝ።
ስክሪኑን አዞርኩላት።
ባዶ።
መነጽሯን አድርጋ ደግማ አየች።
ታቪ ወደ መስኮቱ ዞሮ
የአኮርዲዮኑን ማሰሪያ ያጠብቅ ነበር፣
ቀድሞም ጠብቆ የነበረውን።