ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣
መጽሐፍ እጠርዛለሁ፣ ሃያ ዓመት ሊሆን።
ቆዳው የላላ ዳዊት፣ የፍርድ ቤት ዶሴ፣
የዕድር መዝገብ፣ የምሩቅ ጥናት፤ መርፌና ሙጫ ነው ውርሴ።

ሐምሌ መግቢያ ነበር፣ ዶፉ ሳያባራ፣
እንወይ ተገኘ መጣች፣ ካርቶን ታቅፋ፣ ጭቃውን ሳትፈራ፤
የሳሙና በሯ፣ ሒሳብ ያስተማረችን፣
አምስት ዓመት ከተቃዋሚ ወንበር ብቻዋን የወከለችን።

«የተናገርኩት ነው፣ ጠርዝልኝ» አለች፣ «ሁሉንም።»
አየሁት፤ ከሰርግ አልበም አይወፍርም።
«ደምሬዋለሁ፤ ሦስት ደቂቃ፣ ሁለት፣ አንዳንዴ ግማሽ ሲጨመር፣
በአምስት ዓመት ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ፣ ይኸው ነው ድምር።
አዘዞ ደርሶ መልስ በባጃጅ፣ መንገዱ ካልተዘጋ በቀር።»

ጠራዥ አያነብም ይል ነበር ያስተማረኝ፤
ያነበበ ጣቱን ይወጋል። እኔንም ወጋኝ።

ገጽ አራት።
«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ጎንደር ላይ ቧንቧው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ያስነጥሳል።
ሪፖርቱ ግን የውኃ ሽፋን ዘጠና ሁለት ከመቶ ደርሷል ይላል።
የቀረነው ስምንት ከመቶ እኛ ነን?
ከሆንን፣ አንድ ከተማ ሙሉ እንዴት ስምንት ሆንን?»
በቅንፍ፦ ሳቅ።

እኔም ስቄ ነበር ያኔ፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣
«ቧንቧው አልመጣ፣ ወሬ ብቻ» ብዬ፣ ብርጭቆዬን ጨልጬ።
የኔን ሳቅ በቅንፍ ማን ይጽፈዋል?
ግን አለ፤ ከነሱ ሳቅ ጋር በአንድ ክር ተጠርዟል።

ገጽ አሥራ አንድ። በጀት።
«‹ልዩ ልዩ› የሚለው መስመር ከትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ወፍሯል።
ይህ ልዩ ልዩ ማን ነው? አድራሻው የት ነው?
ባገኘው እኔም ከቀሀ ማዶ የምለምነው አንድ ድልድይ አለኝ።»
ሳቅ። ከዚያ፦ ጊዜዎ አልቋል።

ገጽ ሃያ ሰባት።
«የታሰሩት ልጆች ስማቸው—»
ድምፅ ማጉያው ተዘግቷል።
ከዚያ ሁለት መስመር ነጥብ ብቻ።
ጣቴን አስኬድኩበት፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ፤
ስም ፈለግኩ፤ ነጥብ ከነጥብ አይለይም ለሰሚ።

ገጽ ሠላሳ ሦስት ላይ ተሳስታለች።
በማግስቱ እጇን አውጥታ፦ «የትናንቱ ቁጥር የኔ ስህተት ነው፣
ሚኒስትሩ ልክ ነበሩ፤ ይቅርታ» አለች።
ከሠላሳ ዘጠኙ አንዷን ለዚህ ከፈለች።
ሌላ ይቅርታ በየትኛውም ገጽ አላገኘሁም፣
የማንንም።

ገጽ አርባ አንድ።
«ቃለ ጉባኤው አዋጁ በአንድ ድምፅ ጸደቀ ይላል። ይታረምልኝ።
ለብቻው የቆመው አንድ ድምፅ የኔ ነበር፤ እሱም አልደገፈም።»
እዚህ ሳቅ የለም። ቅንፉም የለም።

ቅዳሜ መጣች። አረንጓዴ ጨርቅ፣ ጀርባው ቆዳ፣ ስፌቱ የከረረ፤
ከኋላው ስድስት ባዶ ወረቀት ጨምሬ ነበረ።
«ይሄ ምንድን ነው?»
«ለተቋረጠው።»
መነጽሯን አወለቀች። የቤት ሥራ ሳልሠራ
ስቀርብ እንደምታየኝ አየችኝ፣ በዚያው በድሮው ተራ።
«አውጣው። ያልተናገርኩትን ተናገረች አታስብለኝ፤
ያልሠሩትን ሠራን የሚሉ ሰዎች መሃል ነው የኖርኩት፣ ይበቃኛል።»

ፈታሁት፣ መልሼ ሰፋሁት። በዋጋው ተከራከረች፣
ሃምሳ ብር አስቀነሰች፣
ከቦኖው ሥር ቢጫ ጀሪካኗን አሰልፋ ነበርና ፈጥና ሄደች።

ስድስቱ ባዶ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ።
አንዱ ላይ ይህን ጻፍኩ።
አምስቱን ለዕድሩ መዝገብ ሰፋሁ፤
ወረቀት ተወዷል።