ከነቋጠሮው

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ከቱሉ ዲምቱ መንገድ
አይሱዙ ገባ፤ ጭነቱ እንደታሰረ፣ ሸራና ገመድ።
ሹፌሩ ወረደ፣ ረዳቱን ተሸክሞ፣
«ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ሊሞት ነው» አለኝ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

ዋቅጅራ ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመቱ።
ገመድ ማሰር ነው ሙያው፣ የእጁ ብልሃቱ፤
ቀኑን በውኃ ውሎ፣ ማታ አንዴ በልቶ፣
የሦስት ሰው ድርሻ ከትሪው አንስቶ።

ሆዱን ነካሁት። ከበሮ ሆኗል፣ ተወጥሮ፤
ከንፈሩ ኩበት፣ የልብ ምቱ ከመቶ አርባ ተሻግሮ።
ራጁን በመብራት አየሁት። ሲቲ ስካን የለንም፤
ያለው መሐል ከተማ ነው፣ እስከዚያ አይቆይም።
ሥዕሉ ግን እርስ በርሱ ይጣላል፤
ወፍራሙ ዞሯል ይላል፣ ቀጭኑም ታንቋል ይላል።
መጠማዘዝ መሰለኝ፤ እሱን እናውቀዋለን፣
በየሳምንቱ ይመጣል፣ በቱቦ እናስተነፍሰዋለን።
ቱቦውን ሰደድኩ። አላለፈም። ደም ነክቶት ተመለሰ።
ያኔ የኔም አንጀት በውስጤ ተላወሰ።

«ክፍሉን አዘጋጁ!» ሰመረት ማደንዘዣውን፣
ጀማነሽ መቀሶቹን፣ ጥበቃው ጄኔሬተሩን።
ደሙን ሹፌሩ ሰጠ፣ ልብሱን ግሪስ እንደነካው፤
«ጎማ ከመቀየር አይብስም» አለ፣ መርፌውን ሳያየው።

ከፈትኩ።
ጥቁር ነበር። እንደ አሮጌ ከመነዳሪ።
ቀጭኑ አንጀት በወፍራሙ ዙሪያ ተጠምጥሞ፣
በገዛ እጁ ያሰረው ይመስል፣ አጥብቆ፣ ደግሞ ደጋግሞ።
በመጽሐፍ ነው የማውቀው፤ ግማሽ ገጽ፣ አንድ ሥዕል፤
ለፈተና ሸምድጄ የተውኩት፣ እንደ ተረት ያህል።

ጣቶቼ ሊፈቱት ሄዱ። ልማድ ነው። እናቴ
የተቋጠረ ክር በጥርስ አይበጠስም ስትል፣ ከልጅነቴ
በጥፍሬ፣ በትዕግሥት፣ ጫፍ ስፈልግ ነው ያደግሁት።
ጫፉን አገኘሁት። ያዝኩት።
ተውኩት።

የታነቀ ሥጋ መርዙን ቋጥሮ ይዟል፤
ቋጠሮው ሲፈታ መርዙም አብሮ ይፈታል፣
ልብ ድረስ ይሄዳል፤
ሰውየው ያድነኛል ባለው እጅ ላይ ይሞታል።
ደም ሥሩን አሰርኩ፣ ግራ ቀኙን ቆለፍኩ፣
ከነቋጠሮው ቆረጥኩ።
ሳህኑ ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሁላችን ሰማን።
ጀማነሽ አማተበች። ማንም አልተናገረ።
የተረፈውን ጫፍ ለጫፍ ሰፋሁ፤ ሮዝ ነበር፣ እርጥብ፣
እንደ ቀንድ አውጣ ቀስ ብሎ ሲሳብ።
የመጨረሻዋን ክር ሳስር መብራት ሄደ።
ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ነጎደ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ለጉብኝት ገባሁ።
«አየር ወጣ?» አልኩት። ዐይኑን ሰበረ።
እህቱ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።
«ወጣ እንጂ!» አለ ሹፌሩ፣
«ጎማ የፈነዳ መስሎኝ ከወንበር ተነሣሁ!»
ዎርዱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስፌቴን የሰፋሁት ይመስል ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

«ታዲያ ፈቱት፣ ዶክተር?»
«አልፈታሁትም። ቆረጥኩት፣ ከነቋጠሮው።»
ዝም አለ። የግሉኮሱን ቱቦ በጣቱ ጠቀለለው፣ መልሶ ፈታው።
«እኛ ዘንድ» አለ፣ «ገመድ የቆረጠ ረዳት
ከደሞዙ ይቆረጥበታል።»