የበርጩማው ጆሮ

ሂርማታ፣ ሐሙስ ለት፣ ከዐረብ ሱቅ በር ላይ
አያቴ አባ ፊጣ አንድ ሻሽ ተሰቅሎ ሲያይ፣
ሆዱ የተነፋ፣ ጭራው የተቆለመመ
አንድ ቅርጽ አየና ሥራ ፈቶ ቆመ።

«ምንድን ነው?» አለና ነጋዴውን ጠየቀ።
ሳሊም ሚዛን ይዞ ከት ከት ብሎ ሳቀ፦
«እኔ ምን አውቄ! በመርከብ ነው የመጣ፣
ህንዶች ሠርተውታል፤
ክንዱ በሁለት ብር፣ ውሰድ አባ ፊጣ።»

አልገዛም። ቅርጹን ግን በዓይኑ ሰርቆ ገባ፤
የዋንዛ በርጩማ፣ ጠርዙን ዙሪያ ገባ
ጠረበው በመሮ።
ስምም አወጣለት፦ «ጆሮ»።
«የተቀመጠውን ሰው ይሰማል» እያለ
ለነጋዴ ሸጠ፣ ለሽምግልና አደለ።

ሃያ ክረምት አልፎ ሻሹ ነትቦ አለቀ፤
ጆሮው ግን በጅማ
የአገር ልጅ ሆነና ሰነበተ፣ ደመቀ።

አንድ ፈረንጅ መጣ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ፤
ሦስት እግሩን ገልብጦ፣ አሽትቶ፣ መዝኖ፣
«ስንት ነው ይሄ?» አለ።
ወሰደው።
እዚያ አገር ማንም አልተቀመጠበትም፤
ነጭ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፣ አቧራም አላረፈበትም።
ከሥሩም ጻፉለት በቀጭኑ ፊደል፦
«የዝናብ ዘር ነው ይህ፤ ሰማይ ለምድር ሲያድል።»

መጽሐፉ ዞሮ መጣ። የአጎቴ ልጅ ነዚፍ
ከዩኒቨርሲቲው አምጥቶ
ከፈተው ከመሮዬ ጫፍ።
ፎቶውን አወቅሁት፦ የቀኝ እግሩ ስንጥቅ፣
አያቴ በሰም ሲደፍነው፣ በራሱ ስህተት ሲስቅ።
ነዚፍ ግን ጽሑፉን አንብቦ እንባ አቀረረ፤
«ለካ ሽማግሌው ይህን ሁሉ ምሥጢር
ደብቆን ነበረ!»

ምን ልበለው? ሻሹን? ሳሊምን? መርከቡን?
«ውሸት ነው» እንዳልል፣
አያቴስ መች ጠየቀ ህንዳዊው ያሰበውን?
ደግሞም አልዋሽም፣ እኔም ለሩቅ አገር ሰው
«የዝናብ ዘር» እላለሁ፤ ዋጋው አያስደነግጠው።
ለጎረቤት ሲሆን ያው ጆሮ ነው፣ በዱቤ።

ትናንት ዝናብ ጥሎ አዌቱ ሲደፈርስ
የነዚፍ ትንሽ ልጅ፣ ሲቲና፣
በጭቃ እግሯ መጣች ከሱቄ ድረስ።
ጣቷን በቅርጹ ላይ ሳበችና
«አጎቴ፣ ይሄ እኮ የእንቁራሪት ልጅ ነው፤
ወንዙ ዳር ሞልቷል፣ እግር አላወጣም ገና።»

ሳቅሁ። መሮዬን አነሣሁና
ሆዱ ላይ ሁለት ነጥብ ወጋሁ፣ ዓይን እንዲሆነው።
የሠራሁት በርጩማ ቀና ብሎ አየኝ።

ሐሙስ ሂርማታ ይወጣል፣ ከነዓይኑ፣ ከነጭራው፤
ስም የለውም፣
ገዥው እስኪጠራው።