ጠጠር ነው፣ አሸዋ የለም

የካቲት ነው። ኮዛኒ ላይ በረዶው ጠቁሯል፤
የከሰሉ አቧራ ሌሊቱን ሲወርድበት አድሯል።
የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርገን ካርታውን ዘረጋን፣
አንዱን ጫፍ በጨው ዕቃ፣ አንዱን በስልኬ ተጫንን፤
ዘመቻ እንደሚነድፉ ሁለት ሽማግሌ መኮንኖች
አጎነበስን።

ባሕር ካየን ዐሥራ አንድ ዓመት።
ፖሊክሴኒ በጣቷ ትቆጥራለች፦
አንዱን ዓመት ጣሪያው በላው፣ አንዱን የእናቷ ሕመም፣
አንዱን የእኔ ወገብ፣ አልጋ ላይ ያከረመኝ፤
የቀሩትን ማን እንደ በላቸው እንጃ፣ ማስታወሻ የለም።

ስማራግዳ ደሴት አለች። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤
ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ በር፣ ጓደኞቿ ያዩትን ነው የምትለው።
የመርከቡን ዋጋ በጋዜጣ ጠርዝ ላይ ደመርኩት፣
ለሦስት ሰው፣ ለአንድ አሮጌ መኪና፣ ደርሶ መልስ፤
ደግሜ ደመርኩት።
ከዚያ ጋዜጣውን አጥፌ ከካርታው ሥር ወሸቅኩት።
«በመኪና የሚደረስበት ባሕርም ባሕር ነው» አልኳት።
መልስ አልሰጠችኝም፤ በሯን ግን ሰማሁት።

ጣቴ ወረደ፦ ከላሪሳ ሜዳ፣ ከአቴና ጭስ አልፎ፣
ቆሮንቶስን ተሻግሮ፣ በፓርኖን ተራራ ጎን ታጥፎ፣
ሲሄድ ሲሄድ፣ ስሟ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈ መንደር ደረሰ፤
የድሮ የዘይት ጠብታ ግማሽ ስሟን ያደፈረሰ።
ሊጋሪያ።
መነጽሬን አድርጌም ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

ስልኩ ብዙ ጠራ። ያነሡት ወይዘሮ ጋሩፋሊያ ናቸው፤
ከኋላቸው ባሕሩ ይሰማል፣ ወይም ደግሞ ቴሌቪዥናቸው።
«ክፍል? ሁለት አለኝ። የአንደኛው በር አይዘጋም።
ጠጠር ነው፣ አሸዋ የለም፤ ነግሬሃለሁ፣ ኋላ አልወቀስም።
ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ጃንጥላ ይነጥቃል፤
ከዐለቱ ሥር የባሕር ጃርት አለ፣ የረገጠ ሳምንት ይማቅቃል።»
«ሱቅስ?»
«አንድ። ባለሱቁ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያኮርፋል።»
«ሰው ይበዛል?»
ዝም አሉ። ሲቆጥሩ ይሰማኛል።
«በነሐሴ ዐሥራ ሦስት ነን፤ ድመቶቹን ሳይጨምር።»

ቀብድ ልላክ ብል ተቆጡ፦
«በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይያዛል፤ ገንዘብህን አኑር።
ይልቅ ከየት ነህ? ኮዛኒ? የሳፍሮኑ አገር?
አንዲት ብልቃጥ ታመጣልኛለህ። ባሌ ይወድ ነበር፣
ከሩዝ ጋር።»
«አሁንስ?»
«አሁን ሩዙን ብቻዬን እበላለሁ።
ቢሆንም ቢጫ ይሁን።»

ስልኩን ስዘጋ ስማራግዳ በሩ ላይ ቆማለች።
«ስንት ድመት?» አለች።
መጠየቁን ረስቻለሁ።
ደሴቷን ተወች አልልም፤ ፊቷ ገና ኩርፊያ አለበት፣
ግን እርሳስ አነሣችና ከመንደሩ ስም አጠገብ
አንድ ጃርት ሣለችበት።
እግር የሌለው፣ እሾህ ብቻ።

በሚያዝያ ማዕድኑ ይዘጋል። ከሰል አመላላሹ ቀበቶ፣
ሃያ ሦስት ዓመት እየጣፍኩ ያዞርኩት፣ ይቆማል ተብሎ
ደብዳቤ መጥቷል፤ መሳቢያው ውስጥ ነው።
ፖሊክሴኒ ታውቃለች። ልጅቷ አታውቅም።
ወንድሜ ሰምቶ «ደመወዝ ሲቆም ሽርሽር!» አለ፤
እውነቱን ነው። ምን እንደምመልስለት ፈልጌ አጣሁ፣
አሁንም አላገኘሁም።

ማታ ፖሊክሴኒ የዐሥራ አንድ ዓመቱን የዋና ልብስ
ከሹራቧ በላይ ለብሳ መስታወቱ ፊት ቆመች፤
«ጠቦኛል?» አለች፣
ሹራቡን እንዳልለበሰች ሁሉ።
በመስኮቱ የጭስ ማውጫው ቀይ መብራት ብልጭ ይላል፣
ይጠፋል፣ ብልጭ ይላል።
«ትንሽ» አልኩ። ፎጣ ወረወረችብኝ።

ነሐሴ ስድስት ወር ይቀረዋል።
ሳፍሮኑን ዛሬ ገዛሁት፣ አንድ ግራም፣
ሻጩ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ ነፋለት።
መሳቢያው ውስጥ ከደብዳቤው ላይ አኖርኩት፤
አሁን በከፈትኩት ቁጥር
ወረቀቱም እሱን እሱን ይሸታል።