ቀሪ ሂሳብ

ሙሐረቅ። ሰኔ ነው። በሩን ገና ስከፍት
መነጽሬን ጉም አለበሰው የባሕሩ እንፋሎት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ደሴት ኖሬ
ይህን አልለመድኩም፣ ይኸው እስከ ዛሬ።

ኮምቦልቻ ነበር የጀመርኩት ሥራ፣
በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከደረሰኝ ጋራ፤
ሃያ አምስት ሳንቲም ብትጎድል ከሚዛን
ስፈልጋት ነግቶ ሰማሁት አዛን።
ከዚያ ወዲያ ዲግሪ፣ ከዚያ ወዲያ ማዕረግ፤
ሠላሳ አንድ ጥናት፣ ማንም የማይፈልግ።
ስለ እርጅና ተቀናሽ ስጽፍ፣ ሳስተምር፣
እኔም ተቀነስኩኝ፣ ከጥርስም ከጠጉር።

አምና፣ ተማሪዬ ኑፍ፣ ከቅድመ አያቷ ሳጥን
ጨው የበላው መዝገብ አመጣች፤ ገለጥን።
ናኾዳው፣ የጀልባው አለቃ፣ በእጁ እየሞነጨረ
ሩዙን፣ ተምሩን፣ ገመዱን፣ በሩፒ ቆጠረ።
መቶ ስም አለበት። ጣቴ ባንዱ ቆመች።
«ሙባረክ ሐበሺ» ኑፍ ቀስ ብላ አነበበች።

የአባት ስም አልያዘም፤ አገር ነው አባቱ፤
በሌላ ስም ነበር የጠራችው እናቱ።
ስድስት ክረምት ጠልቆ፣ ሲወጣለት ሉሉ፣
ዕዳው ግን ጨመረ፤ ዞረ እንደ አመሉ።

ገቢ፣ ወጪ እያልኩ ሠላሳ ዓመት ስቆጥር
ለካስ አልሰማሁም ቃሉ ሲናገር፦
ገቢ ነው፣ ድንጋይ አስሮ ባሕር ውስጥ ሲገባ፤
ወጪ ነው፣ ሲስቡት፣ ጆሮው ደም ሲያነባ።
በሰባተኛው ዓመት፣ በቀጭን ቀለም፣
«ገባ» ብቻ ይላል።
«ወጣ» የሚል የለም።
መቶ አሥራ አራት ሩፒ፤ «ቀሪ» ይላል ከፊቱ።
ገንዘቡን ነው፣ አውቃለሁ፣ ናኾዳው ማለቱ።

ጻፍኩት። ላክሁት። መልሱ ባራት ወር ደረሰ፤
«ናሙናው አንድ ሰው ነው» ሲል ገምጋሚው ወቀሰ።
«ስሜት ይበዛዋል፤ ሠንጠረዥ ይጨመር።»
ሠንጠረዥ አለኝ እኮ! አንድ ረድፍ፣ አንድ መስመር።

ሐሙስ የመጨረሻ ክፍሌ ነው። ጡረታ።
ኑፍ ቢሮዬ መጣች፣ ትናንትና ማታ፤
«ፕሮፌሰር፣ ይህ ሂሳብ እንዴት ነው የሚዘጋ?»
መዝጋት ነው ያስተማርኩት፣ ሠላሳ ዓመት፣ በዋጋ።

በመስኮቱ ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቷል፤
አንድ ጀልባ ቆማለች፤ ሞተሯ ጠፍቷል።
እርሳሴን አነሳሁ። በቅጂው ዳርቻ
አንድ መስመር ባዶ ተውኩ፤
ለዚያኛው ስም ብቻ።